ለእድር መዝገብ ፕሮግራማችን የትኛውን የዶክመንቴሽን ሲስተም እንምረጥ?

የኮተቤዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ግን የምትሰጡኝ መልስ ለእኛ ላይሆን ይችላል ብዬ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለእናቴ እድር አንዲት ፕሮግራም ሠራሁ። እናቴ የእድሩ ጸሐፊ ናት። መዋጮ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ቀብር የቀረው፣ ድንኳንና ወንበር የወሰደው፣ ሁሉም የሚጻፈው በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ ነበር። አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ደብተሩ ራሰ። የሁለት ወር መዋጮ ቀለሙ ተደባልቆ የማይነበብ ሆነ። እናቴ በየቤቱ እየዞረች «ከፍለሃል? ከፍለሻል?» ስትል ከረመች። ያኔ ነው ፕሮግራሙን በፓይተንና በጃንጎ መጻፍ የጀመርኩት። ኮዱንም ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ብዬ ጊትሃብ ላይ ክፍት አድርጌ አስቀመጥኩት።

ዛሬ ስምንት እድሮች ይሠሩበታል። አንዱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ኮድ የምንጽፈው አምስት ነን። ሁለቱን በአካል አይቻቸው አላውቅም።

ችግራችን ዶክመንቴሽን፣ ማለትም የፕሮግራሙ መመሪያ ነው። የለም ማለቴ አይደለም፤ ተበታትኗል። አንድ ሪድሚ ፋይል አለ፣ ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ጣት የሚያደክም። ጎግል ዶክስ ላይ 12 ገጽ የተጠቃሚ መመሪያ አለ። የቀረው ሁሉ ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ነው፦ ፒን የተደረጉ መልእክቶች፣ ስክሪንሾቶች፣ የእናቴ የድምፅ መልእክቶች። እናቴ የቀብር ክፍያ እንዴት እንደሚመዘገብ በሁለት ደቂቃ ድምፅ የምታስረዳውን እኔ በሦስት ገጽ አላስረዳውም። ድምፅ ግን ተፈልጎ አይገኝም።

ወደዚህ ያመጣኝ ባለፈው ወር የደረሰብን ነገር ነው። በፊት ቅጣት የሚገባው በእጅ ነበር። ከሁለተኛው ቨርዥን ጀምሮ ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። አንድ ገንዘብ ያዥ የድሮውን ፒን መልእክት አንብበው ቅጣቱን በእጅም አስገቡ። 37 ሰው ሁለት ጊዜ ተቀጣ። እሁድ ስብሰባው ላይ ጸብ ሆነ። እኚህ ሰው 19 ዓመት የእድሩን ገንዘብ አንድ ብር ሳያጎድሉ የያዙ ናቸው። እኛ ባላደስነው መመሪያ የተነሳ ስማቸው በሰው ፊት ተነሳ። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው «ምንም አይደለም ልጄ» አሉኝ። ለእኔ ግን ምንም አይደለም የሚባል ነገር አይደለም።

አንባቢዎቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ናቸው። የሚያነቡት በአማርኛ ነው። ወይ ስልካቸው ላይ፣ ወይ እድሩ አዳራሽ ውስጥ ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፤ ላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት የለውም። ሁለተኞቹ ፕሮግራመሮች ናቸው። ለእነሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኮድ ማጣቀሻ ይበቃል።

ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ስፊንክስን፣ ኤምኬዶክስን፣ ዶኩሶረስንና ስታርላይትን የሚባሉትን የመመሪያ ድረ ገጽ መሥሪያዎች፣ የጊትሃብን ዊኪም ጨምሬ ሳወዳድር ነበር። ባነበብኩ ቁጥር የበለጠ ግራ ገባኝ። ሁሉም በራሱ ገጽ ላይ ያምራል። በአማርኛ የሞከራቸው ሰው ካለ ከእሱ መስማት እፈልጋለሁ። እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ? ምን አስቸገራችሁ?

---

ደጀን 13

እህቴ፣ ኤምኬዶክስን ከማቴሪያል ገጽታው ጋር ያዢ። እኔ በሁለት ፕሮጀክት ሞክሬዋለሁ። የምትጽፊው በማርክዳውን ነው፣ በቀላል ምልክቶች ርዕስና ሊንክ የሚያስገባ አጻጻፍ፤ ማርክዳውንን ደግሞ ሪድሚ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ነው ያለው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰሽ ጊትሃብ ፔጅስ በሚባለው የጊትሃብ ድረ ገጽ ማስተናገጃ ላይ ታወጪዋለሽ። ስልክ ላይም ሲከፈት ጥሩ ነው።

ስፊንክስ ኃይለኛ ነው፣ አልክድም። ግን ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባለው አጻጻፍ አዲስ ሰው ያባርራል። ከርዕሱ ሥር የምትደረድሪው ሰረዝ ካጠረ ያስጠነቅቅሻል፣ ሊንክ ለማስገባት ሁለት ዓይነት ምልክት ታስታውሻለሽ። አምስት ሰው ባለበት ፕሮጀክት እያንዳንዱ እንቅፋት አንድ ሰው ያሳጣል።

ዶኩሶረስና ስታርላይት ጥሩ ናቸው፣ ግን ሁለቱም የሚሠሩት በኖድ፣ በጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ነው። ፓይተን ብቻ የምታውቁ ከሆነ አዲስ ቤት መግባት ነው። ዊኪውን ተይው። የዊኪው ለውጥ እንደ ኮድ ለውጥ በፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዲያየው በሚቀርብ የለውጥ ጥያቄ፣ ታይቶ አይገባም። የቅጣቱ ዓይነት ስህተት እዚያ ይደገማል።

---

የጎንደሩ

ልጄ፣ መጀመሪያ እኚያን ሰውዬ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ይቅርታ በመጠየቅሽ ተባረኪ። መመሪያ የሚጻፈው ለእንደነሱ ዓይነት ሰው ነው።

የደጀንን ሐሳብ አከብራለሁ። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት እንደሱ አስቤ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራነውን ፕሮግራም የአማርኛ መመሪያ በኤምኬዶክስ አዘጋጀን። ከ60 ገጽ በላይ ነበር። በርክክቡ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ፍለጋው ላይ «ደመወዝ» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። ደመወዝ የሚለው ቃል ግን እዚያው የከፈተችው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። «ተቀጽላ» ብላ ሞከረች። ምንም። «ሰርቨር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፍ ወዲያው መጣ። አፈርኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ፈለግሁ። ከኤምኬዶክስ ጋር የሚመጣው ፍለጋ ከጀርባው ላንር የሚባል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አለው። ላንር አንድን ቃል ማውጫው ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ጫፍና ጫፉን ያጸዳል። ነጠላ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ ነጥብ ካለበት ቆርጦ ይጥላል። ችግሩ እሱ ፊደል ብሎ የሚያውቀው የላቲኑን ብቻ መሆኑ ነው። የእኛ ፊደል በሙሉ ለእሱ እንደ ነጠላ ሰረዝ ነው። «ደመወዝ» ከሁለቱም ጫፍ ሲጸዳ ባዶ ይቀራል። ባዶ ደግሞ ተፈልጎ አይገኝም። የቋንቋ ማሟያዎች አሉት፣ ዐረብኛ አለ፣ ጀርመንኛ አለ። አማርኛ የለም። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የራስሽን ኮድ ጽፈሽ ነው፣ የጻፍሽውን ደግሞ ዕድሜ ልክ ትንከባከቢዋለሽ።

ሁለተኛው ነገር የርዕስ ሊንክ ነው። ይሄኛው ሰው የማያስተውለው ነው። ኤምኬዶክስ ለእያንዳንዱ ንዑስ ርዕስ መለያ የሚያወጣው ከርዕሱ ቃል ነው፤ ላቲን ያልሆነውን ግን ይጥለዋል። «የቅጣት አሰላል» የሚለው ርዕስሽ መለያው «_1» ይሆናል፣ ቀጣዩ «_2»። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለገንዘብ ያዡ ላክሽላቸው እንበል። ነገ ከላይ አንድ ንዑስ ርዕስ ስትጨምሪ ቁጥሩ ይገፋል። ሊንኩ አይሰበርም፣ ስህተት መሆኑንም አይናገርም። ዝም ብሎ ወደ ሌላ ርዕስ ይወስዳቸዋል። ያንቺ ችግር ደግሞ ከዚህ የጀመረ ነው፣ የተሳሳተ ገጽ አምኖ ከማንበብ።

እውነቱን ለመናገር ስፊንክስም እዚህ ላይ አይሻልም። እሱም የአማርኛ ርዕስን በቁጥር ይሰይማል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከየርዕሱ ጋር የራስሽን መለያ በላቲን ፊደል አጭር አድርገሽ ጻፊ። በኤምኬዶክስ የአማርኛውን ፊደል እንዳለ የሚያስቀር ቅንብርም አለ። ግን በአማርኛ ፊደል የተሠራ ሊንክ ሲገለበጥ በመቶኛ ምልክት የተሞላ ረጅም ሐረግ ይሆናል፣ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ አይከፍተውም።

ሦስተኛው ኢንተርኔት የሌለው ላፕቶፕሽ ነው። እኔን ስፊንክስን ያስመረጠኝ ይሄ ነው። ስፊንክስ ያወጣውን ኤችቲኤምኤል ፎልደር በፍላሽ ገልብጠሽ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገሽ ታነቢያለሽ። ፍለጋውም ያለ ሰርቨር ይሠራል፤ ማውጫው እንደ ስክሪፕት ስለሚጫን ብራውዘሩ አይከለክለውም። ከውጤቱ ሥር የሚታየው አጭር ቅንጫቢ ላይመጣ ይችላል፣ ርዕሱ ግን ይመጣል። ከኤምኬዶክስ ጋር የሚመጣው ፍለጋ ከዲስክ በቀጥታ ሲከፈት አይሠራም። ለማቴሪያል ኦፍላይን የሚያደርግ ፕለጊን አለ፣ እሱን ለብቻ ማዋቀር ነው። ዶኩሶረስን ከዲስክ ብትከፍቺው ገጹ በትክክል አልተጫነም የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳይሻል።

ስፊንክስ የተሠራው ለፓይተን ቋንቋ ለራሱ መመሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2008። አንቺ የምትሠሪበት የጃንጎ መመሪያም የሚዘጋጀው በስፊንክስ ነው። ቃል የሚለይበት መንገድ ዩኒኮድን፣ የየቋንቋውን ፊደል የሚይዘውን የኮምፒውተር መለያ፣ ያውቃል፣ የእኛን ፊደል ፊደል ይለዋል። አራት ነጥባችንን ደግሞ ምልክት መሆኑን ያውቃል፣ ከቃሉ ጋር አያጣብቀውም። ከኮድሽ ውስጥ የጻፍሽውን ማብራሪያ አንብቦ ማጣቀሻውን ራሱ ያወጣል፣ ፕሮግራመሮቹ በዚያ ይጠቀማሉ።

ደጀን ያለው የሪስትራክቸርድቴክስት ችግር እውነት ነው። አሁን ግን ሚስት (MyST) የሚባል ማሟያ አለ። ስፊንክስን በማርክዳውን እንድትጽፊበት ያደርጋል። እኔ ከተቀየርኩ በኋላ ወደ ድሮው አልተመለስኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የእኔንም ቃል አትመኚ። ከራስሽ መመሪያ አሥር ገጽ ውሰጂ፣ ሁለቱም ላይ ጫኚው፣ በአማርኛ ፈልጊበት፣ ኢንተርኔት አጥፊና ፈልጊበት። ከዚያ ወስኚ።

---

ሚሚ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የሜሪላንዱ እድር የእኛ ነው! ሰላም ብያለሁ።

እኛ ጋ ያለው ነገር ትንሽ ይለያል። የእድራችን ሊቀመንበር ላፕቶፕ አይነኩም፣ መዝገቡን የያዘችው የ24 ዓመት ልጃቸው ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። እኔ በየወሩ ስልክ ደውዬ የአማርኛውን መመሪያ እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። ስለዚህ ለተጠቃሚው መመሪያም እንግሊዝኛ ያስፈልገናል።

በሥራዬ ትርጉም አውቃለሁና ስለ እሱ ልናገር። በብዙ ሲስተም ትርጉም ማለት የፋይሉ ቅጂ ነው። የአማርኛው ገጽ አንድ ፋይል፣ የእንግሊዝኛው ሌላ ፋይል። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ምንም አያውቅም። የቅጣቱን ገጽ አማርኛውን አስተካክላችሁ እንግሊዝኛውን ብትረሱት፣ በሚቀጥለው ወር ጸቡ እኛ ጋ ነው የሚሆነው።

ስፊንክስ ጽሑፉን በየአንቀጹ ቆርጦ ፒኦ የሚባሉ የትርጉም ፋይሎች ውስጥ ያስገባዋል። የጃንጎ ፕሮግራም ቁልፎች የሚተረጎሙበት ያው የጌትቴክስት መንገድ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አትማሩም። ዋናው አንቀጽ ሲለወጥ ትርጉሙ «ይታይ» የሚል ምልክት ያገኛል። እስኪታይ ድረስ አንባቢው ዋናውን ያያል፣ ያረጀውን ትርጉም አያይም። ለገንዘብ ነገር ይሄ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ደግሞ ዋናው ጽሑፍ የግድ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። እናትሽ በአማርኛ ያስረዱ፣ እሱ ዋናው ይሁን፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ታስቦ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ አነባለሁ፣ የሚገባኝ መልሼ ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉመው ነው። እንደዚያ አይሁን።

እኔ ጊት፣ የፋይል ለውጥ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም፣ አላውቅም። ዌብሌት የሚባል ክፍት የትርጉም ሲስተም አለ፣ በብራውዘር ነው የሚሠራው፣ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ነፃ ማስተናገጃ አላቸው። እሱን ካገናኛችሁልኝ ባቡር ላይ ሆኜ በስልኬ እተረጉማለሁ። ቃሌ ነው።

አንድ ልመና፦ ቀን በጻፋችሁበት ሁሉ የፈረንጁንም አብራችሁ ጻፉ። ልጅቷ «መጋቢት 5» ስትባል ወሩን መቁጠር አለባት።

---

የኮተቤዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሦስታችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። አሥር ገጽ ወስጄ ቅዳሜን በሙሉ ሞከርኩ።

ኤምኬዶክስ ላይ «መዋጮ» ብዬ ፈለግሁ። ምንም። «ቅጣት»፣ ምንም። እርስዎ እንዳሉት ነው። ሳላየው ብመርጠው ኖሮ እኔም ርክክብ ላይ ነበር የማፍረው።

ስፊንክስን ከሚስት ጋር ጫንኩት። «መዋጮ» ብዬ ስፈልግ ገጾቹ ተደርድረው መጡ። ደስ ብሎኝ «ቅጣት» አልኩ። አንዳንዱ መጣ፣ አንዱ ዋና ገጽ ግን ቀረ። ገጹን ከፍቼ አየሁት። እዚያ ላይ ያለው «ቅጣቱ» እና «ቅጣቶች» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ብዙ ጊዜ ቃሉ ላይ መጨረሻ ይጨመርበታል እንጂ ዋናው ቃል እንዳለ ይቀራል። በእኛ ግን የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «ት» ሄዳ «ቱ» ወይም «ቶ» ትሆናለች። ለኮምፒውተሩ «ቅጣት» «ቅጣቱ» ውስጥ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፈው ይሄን አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሌላው ሞክሼ ፊደል ነው። እኔ «እድር» እጽፋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ዕድር» ይጽፋል። አንዱ ጋ «ጸሐፊ»፣ ሌላው ጋ «ፀሀፊ»። በእኔ አጻጻፍ የፈለገ የእሱን ገጽ አያገኝም።

እስካሁን ያገኘሁት መላ ይሄ ነው። አንደኛ፣ የቃላት ዝርዝር አወጣን። ለፕሮጀክቱ «እድር»፣ «ጸሐፊ»፣ «መዋጮ»፣ «ዓመት» ብለን ወሰንን፣ የፕሮግራሙ ቁልፎችም ላይ ያው ቃል ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ከየገጹ ግርጌ «ለፍለጋ» የሚል አንድ መስመር አስገባን። የቅጣቱ ገጽ ላይ «ቅጣት፣ ቅጣቱ፣ ቅጣቶች፣ መቀጮ፣ መቅጫ» ይላል። «መቀጮ» የሚለውን እናቴ ናት ያስገባችው። «እኔ ቅጣት አልልም፣ መቀጮ ነው የምለው» አለችኝ። ገጹን በእሷ ቃል የሚፈልግ ስንት ሰው አለ ማለት ነው።

ከዚያ ፎልደሩን በፍላሽ ይዤ እድሩ አዳራሽ ሄድኩ። ኢንተርኔት የለም። እናቴን አስቀመጥኳት፣ ምንም አላሳየኋትም። ራሷ ከፈተች፣ «መቀጮ» ብላ ፈለገች፣ አገኘች። አነበበችና ዞራ ጠየቀችኝ፦ «ይሄ የአሁኑ ነው ወይስ የድሮው?»

መልስ አልነበረኝም። ገጹ ላይ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ የትም አይልም። ኢንተርኔት ላይ ቢሆን መመሪያ የሚያስተናግደው ሪድ ዘ ዶክስ የሚባለው ድረ ገጽ ቨርዥን መምረጫ ያሳያል። ፍላሽ ላይ ግን ያ የለም። የገንዘብ ያዡ ችግር በሙሉ ይህቺ ጥያቄ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ገጽታና ስለ ቀለም ሳነብ ነው የቆየሁት። አሁን ከየገጹ አናት ላይ የቨርዥኑን ቁጥርና የታደሰበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር በትልቁ አስገብቻለሁ። ሚሚ፣ ልመናሽ ተሰምቷል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ምሳሌዎቹ ላይ ያሉት ቀኖችና ስሌቶች ኮዱ ሲለወጥ አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ይሄን የምትጠብቁት እንዴት ነው? በዓይን ብቻ?

---

ደጀን 13

የአማርኛውን ፍለጋ አንድም ቀን ሞክሬው አላውቅም ነበር። የእኔ ሁለቱም ፕሮጀክቶች በእንግሊዝኛ ናቸው። የጎንደሩን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ አየሁት፣ ልክ ነው። ምክሬን አንስቻለሁ። ደግሞ የማቴሪያል ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ዜንሲካል የሚባል አዲስ ሲስተም ጀምረው ማቴሪያልን ወደ ጥገና ብቻ እንዳዞሩት አስቢ። ዛሬ ለሚጀምር ሰው ይሄም ይመዘናል።

የ«ለፍለጋ» መስመርሽን በእጅ ከመጻፍ ስፊንክስ ገጹን ሲያነብ ሞክሼዎቹን ራሱ ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ማሟያ መጻፍ ይቻላል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ዐን ወደ አ። ተጠቃሚው የሚጽፈውም ላይ ያው ለውጥ መደረግ አለበት፣ አለበለዚያ አይገናኙም። በሚቀጥለው ሳምንት እጀምረዋለሁ፣ ስጨርስ ፑል ሪኩዌስት እልክልሻለሁ። የ«ት» እና «ቱ»ን ነገር ግን ገና አላወቅኩትም። ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ከፍሎ ማውጣት ሳይሻል አይቀርም።

---

የጎንደሩ

በዓይን አይጠበቅም፣ ልጄ። ስፊንክስ ውስጥ ዶክቴስት የሚባል አለ። መመሪያው ላይ የጻፍሽውን የኮድ ምሳሌ ያስኬደዋል፣ ከሥሩ የጻፍሽው መልስ ካልመጣ ስህተት ይላል። በየለውጡ እንዲሮጥ አድርጊው።

እኛ የቀን መቀየሪያ ላይብረሪ ነበረን። ምሳሌው ላይ መስከረም 1 ቀን 2016ን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብለን ጻፍን። ሁሌም 11 ነው ብለን ለምደን። ዶክቴስቱ እምቢ አለ። 2015 ጳጉሜ 6 የነበራት ዓመት ናት፣ ስለዚህ መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ሦስት ሰው አንብቦት አልፎት ነበር። የወር መዋጮ በቀን ለሚቆጥር ፕሮግራም አንዲት ቀን የአንድ ሰው ቅጣት ናት።

ይሄ የሚሠራው ለፕሮግራመሮቹ ክፍል ነው። ለጸሐፊዎቹ የምትጽፊው ምሳሌ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ግን ከዚያው ከተፈተነው ምሳሌ ውሰጃቸው፣ አዲስ አትፍጠሪ።

---

የኮተቤዋ

በቃ ተወስኗል። ስፊንክስ፣ ከሚስት ጋር። ዋናው የተጠቃሚ መመሪያ በአማርኛ፣ ትርጉሙ በዌብሌት፣ ማስተናገጃው ሪድ ዘ ዶክስ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ፕሮጀክት ከፍቶ ማያያዝ ይጠይቃል፣ ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። በየቨርዥኑ አንድ የፍላሽ ጥቅል እናወጣለን። የድምፅ መልእክቶቹን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ወደ ጽሑፍ እየመለስን ነው፣ እስካሁን 14ቱን ጨርሰናል። እሷ እንደተናገረችው ነው የምጽፈው፣ ሰዋስው ብቻ ነው የምነካው።

ቴሌግራም ላይ ያሉትን የድሮ ፒኖች አንድ በአንድ እያነሳሁ በቦታቸው ሊንክ እያስቀመጥኩ ነው። ደጀን፣ ፑል ሪኩዌስትህን እጠብቃለሁ። ሚሚ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሰኞ ይደርሱሻል።

የቅጣቱን ገጽ ከማውጣታችን በፊት አንብበው እንዲያርሙልን እኚያን ገንዘብ ያዥ ጠየቅኋቸው። እሺ አሉኝ። «መነጽሬን ይዤ እጠብቅሻለሁ» አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ፍላሹን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።